ቃልም ስንቅ ነው

እሑድ ከቀትር በኋላ ወደ ቢታ ገነት በሚያስገቡት የጭቃ መንገዶች ላይ የሚታየው ትዕይንት ለካፋ ሰው አዲስ አይደለም። ከየገጠር ቀበሌው የተነሡ ተማሪዎች፣ ከፊሎቹ ገና ዐሥራ አምስት ዓመት ያልሞላቸው፣ የሳምንት ስንቃቸውን አዝለው ወደ ወረዳዪቱ ከተማ ይገባሉ። ቆጮው በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሏል፤ በቆሎው በማዳበሪያ ከረጢት ታስሯል፤ ቡናውና ጨው በላስቲክ ተቋጥረዋል። እስከ መጪው ዓርብ ድረስ በኪራይ ክፍል ውስጥ ራሳቸው አብስለው ይበላሉ፤ በራቸውን ራሳቸው ዘግተው ያድራሉ። በእነዚህ ሸክሞች ውስጥ የእናት ድካምና የአባት ላብ አለ። ልጁን ባዶ እጁን የሰደደ ወላጅ የለም።

ነገር ግን ከስንቆቹ ሁሉ አንድ ስንቅ ጎድሏል። ልጅቷ ስለ ገዛ ሰውነቷ ከእናቷ አንድ ቃል ሳትቀበል መጥታለች። የመጀመሪያው ደም በታያት ዕለት ምን እንደ ሆነ የነገራት አልነበረም። በሌሊት በሯን ለሚያንኳኳው፣ በመንገድ ላይ ክንዷን ለሚይዘው፣ «የቤት ኪራይሽን እኔ እችልልሻለሁ» ለሚላት ሰው ምን ብላ እንደምትመልስ፣ ክፉ ነገር ቢደርስባትም ለማንና በምን ቃል እንደምትናገር ያስተማራት የለም። ልጁም ቢሆን ድምፁ ሲጎረንን፣ ሌሊት በሕልሙ ልብሱ ሲረጥብ የታመመ እየመሰለው በኀፍረት ተኮራምቶ ያድራል እንጂ አባቱን አይጠይቅም። አባትም የሚጠየቅ መስሎ አይታይም።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው። ቃልም ስንቅ ነው። ልጁን የሰውነቱን ስም፣ የሰውነቱን ሥራና የሰውነቱን መብት ሳያስተምር ከቤት የሚያስወጣ ወላጅ፣ ምንም እንኳ ከረጢቱን እስከ አፉ ቢሞላው፣ ልጁን ያለ ስንቅ ሰድዶታል። ልጅ ከወላጁ ያላገኘውን ቃል ከሌላ ሰው ያገኘዋል፤ ያ ሌላ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ለልጁ መልካም የሚመኝ አይደለም።

ዝምታው ለማን ነው?

«ኅብረተሰባችን ጨዋ ነው፤ ስለዚህ ነገር አይናገርም» ሲባል ዘወትር ይደመጣል። ይህ አባባል መልካም ስም ለብሶ የሚዞር ሐሰት ነው። በብዙ የሀገሪቱ ክፍል በሰርግ ቤት የሙሽራዪቱ ድንግልና በዘፈንና በጭብጨባ ሲታወጅ ኖሯል፤ «ብር አምባር» እየተባለ ደም የነካው ጨርቅ ለዘመድ አዝማድ ሲታይ ኖሯል። አንዲት ልጅ ከአንድ ሰው ጋር ያሳለፈችው አንድ ሌሊት የመንደር ሙሉ ጉዳይ ሲሆን ጨዋነት የት ነበረ? አዝማሪው በሰምና ወርቅ ሸፍኖ የሚያወርደውን ቅኔ ሰምቶ ወርቁን ያልፈታ ጎልማሳ ማን ነው? በጠላ ቤት የሚወራጨው ስድብ ከእናት አካል ሌላ ማደሪያ አለው? በቡና ላይስ የጎረቤት ገመና ሲዘረዘር ከአቦል እስከ በረካ በቂ ሆኖ ያውቃል?

እንግዲህ ኅብረተሰቡ ይናገራል፤ ያውም አብዝቶ ይናገራል። ዝም የሚለው ለአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ለልጁ። ቡናው ሲፈላ ፍሙን ያቀበለች ልጅ ጨዋታው ሲደራ «ሂጂ፣ ውጪ ተጫወቺ» ትባላለች። ትንሹ ወንድሟ «እማዬ፣ እኔ ከየት መጣሁ?» ሲል «ከገበያ ገዛንህ» ይባላል። ሁለቱም ልጆች ግን አንድ ነገር ተምረው ይወጣሉ። ይኸውም ወላጆቻቸው ስለዚህ ጉዳይ እውነት እንደማይነግሯቸው ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ምንም ቢደርስባቸው ወደ ወላጆቻቸው አይመጡም። «ሆድ ይፍጀው» የሚለውን ብሂል ገና በልጅነታቸው በተግባር ይማሩታል።

ስም የሌለው አካልና የፍርድ ቤት ጥያቄ

እናት ሕፃኗን ስታጥብ «ዓይን የታለ? ጆሮ የታለ? አፍንጫ የታለ?» እያለች አካሉን ታስቆጥረዋለች፤ ሕፃኑም በጣቱ እየጠቆመ ይስቃል። ከእምብርት በታች ሲደረስ ግን ቁጥሩ ይዘለላል። ለተዘለለው አካል ልጁ ኋላ የሚያገኘው ስም ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ ከመንገድ የሚለቀመው ስድብ ነው። ሁለተኛው «ሐፍረተ ሥጋ» የሚለው የመጽሐፍ ቃል ሲሆን፣ ልጁ አካሉን ከማወቁ በፊት በአካሉ እንዲያፍር ያዘዋል።

ቋንቋው ጨርሶ ድሃ ነው ማለት አይደለም። አማርኛ የሴትን ወርኃዊ ደም «የወር አበባ» ብሎ የጠራ ቋንቋ ነው። ከዚህ የተሻለ ስም የሰጡ ቋንቋዎች ብዙ አይሆኑም። ታዲያ አበባ ብሎ የሰየመውን ነገር እናት ለልጇ ለመንገር የምታፍርበት ምክንያት ምንድን ነው? በሌላ በኩል ደግሞ ይኸው ቋንቋ «ደፈረ» በሚለው አንድ ግሥ ጀግናውን ያወድሳል፤ በዚያው ግሥ ሴት ልጅ ላይ የተፈጸመውን ግፍ ይጠራል። ደፋር ተብሎ የሚሞገሰውና ደፋሪ ተብሎ የሚከሰሰው ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። ቃልን ሥራዬ ብሎ የያዘ ሰው ይህን አይቶ እንዳላየ ማለፍ አይገባውም።

ይህ ጉዳይ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣውና በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ለሕፃናት የቆመ ሕግ ነው። በአንቀጽ 627 መሠረት ዕድሜዋ 13 ዓመት ካልሞላ ልጅ ጋር ግብረ ሥጋ የፈጸመ ሰው ከ13 እስከ 25 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። ለክብረ ንጽሕና ተቃራኒ የሆነ ሌላ ድርጊት የፈጸመ ደግሞ በሌላ ንዑስ አንቀጽ በቀለለ ቅጣት ይዳኛል። እንግዲህ በሁለቱ መካከል የሚለየው ምንድን ነው? ሌላ ማስረጃ በሌለበት ቦታ የሚለየው የልጅቷ ቃል ነው። የስምንት ዓመት ልጅ በፖሊስ ፊት ቆማ «ባለገብኝ» ብቻ ስትል፣ ሰደባት ማለት ነው? ነካካት ማለት ነው? ወይስ ሕጉ 25 ዓመት ያስቀመጠበት ግፍ ተፈጽሞባታል? ልጅቷ ከዚህ በላይ መናገር አትችልም። አካሉን የምትጠራበት ስም የላትም፤ ያላት ስም ስድብ ስለሆነ ደግሞ በትልቅ ሰው ፊት ብትናገረው እንደምትመታ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች።

በፌዴራል ፍርድ ቤት ሕፃናት ከተከሳሽ ፊት ሳይቆሙ በሌላ ክፍል ተቀምጠው በቴሌቪዥን መስኮት የሚመሰክሩበት፣ የዳኛውንም ጥያቄ በለሰለሰ አነጋገር የሚያቀርብላቸው ባለሙያ የሚመደብበት አሠራር ተዘርግቷል። የሚመሰገን አሠራር ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያው የልጅቷን መልክ ለዳኛው ያደርሳል እንጂ ቃል አይሰጣትም። ቃሉን መስጠት የሚችለው ገና በሦስት ዓመቷ ገላዋን ያጠባት ሰው ነው።

ሦስት ቋንቋ፣ አንድም የቤት ቃል የለም

ይህ ችግር በቢታ ገነት ሦስት እጥፍ ይሆናል። በዚያ የሚያድግ ልጅ በቤቱ ካፊኖኖ ይናገራል። በጽሕፈት ቤት፣ በገበያና በቤተ ክርስቲያን አማርኛ ይሰማል። ትምህርት ቤት ደግሞ አካባቢው በደቡብ ክልል ሥር በነበረባቸው ዓመታት ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነበር። በመሆኑም ስለ ማሕፀንና ስለ ዘር ፍሬ የሚያስረዳው የባዮሎጂ ምዕራፍ ሲደረስ፣ ተማሪው ስለ ገዛ ሰውነቱ የሚማረው እናቱ አንድ ቃሉን እንኳ በማታውቀው ቋንቋ ነው። መምህሩም ብዙ ጊዜ ሥዕሉን አሳይቶ፣ ስሞቹን በጥቁር ሰሌዳ ጽፎ፣ የኋላ መቀመጫው ሳቅ ሳይበረታ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ይሻገራል። ተማሪው ቃላቱን ለፈተና ይሸመድዳል፤ ፈተናውን ካለፈ በኋላ ቃላቱ በሕይወቱ ውስጥ የሚገቡበት በር የለም። በእንግሊዝኛ የተማረውን ለእናቱ በካፊኖኖ ሊጠይቃት አይችልም፤ እርሷም በካፊኖኖ የምታውቀውን ለአስተማሪው ልትነግረው አትችልም።

የካፋ ቋንቋ ጽሑፍን የተዋወቀው ትናንት አይደለም። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ትምህርት ከተሰጠባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ከፋ ሞቻ ነበር። በዚያን ዘመን ገበሬው በመብራት ጭላንጭል ተቀምጦ በእናቱ ቋንቋ ስለ ማሳው፣ ስለ ውኃና ስለ ንጽሕና አነበበ። ስለ ልጁ አካል ማንበብ የሚገባው ገጽ ግን ያኔም አልተጻፈም፤ ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዐሥርት ዓመታትም በልጅና በእናት መካከል የሚያገለግል ሆኖ ወደ ቤት አልገባም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ቦንጋ የክልሉ መቀመጫ ሆናለች። ክልል በቅርብ ከሆነ፣ ቋንቋም በእጅ ካለ፣ «ከላይ አልመጣም» የሚለው ምክንያት ጊዜው አልፎበታል።

ወላጅ ማስተማር ያቅተዋልን?

«ወላጁ ያልተማረ ነው፤ ስለ አካል ማስተማር አይችልም» የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች የካፋን ቤት በደንብ አላስተዋሉም። በካፋ ቤት ስለ አካል የሚሰጥ ትምህርት ጠፍቶ አያውቅም። ለብዙ ትውልድ የካፋ ልጅ ከማንጃ ጋር በአንድ ገበታ እንዳይበላ፣ በአንድ ዕቃ እንዳይጠጣ፣ ገላው ከገላው እንዳይነካካ ተምሮ አድጓል። ይህን ያስተማረው መጽሐፍ አልነበረም፤ መምህርም አልነበረም። ወላጅ ነው፤ በምድጃ ዳር፣ በእናት ቋንቋ፣ በዓይን ጥቅሻና በቁጣ ጭምር ያስተማረው ነው። ትምህርቱም እጅግ ከመሥረፁ የተነሣ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ የሚማሩ ልጆችን እንኳ ለመለያየት በቅቷል። የአንዱን ሕዝብ አካል ርኩስ ነው ብሎ ማስተማር የቻለ አፍ፣ ለገዛ ልጁ «አካልህ ንጹሕ ነው፤ አካልህ ያንተ ነው፤ የሌላውም አካል እንዲሁ ነው» ብሎ ማስተማር እንዴት ያቅተዋል? ጉዳዩ የችሎታ ሳይሆን የፈቃድ ነው።

ሦስት ተቃውሞዎችና መልሳቸው

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ማወቅ ያባልጋል፤ ያልሰማው ልጅ አይመኝም» የሚል ነው። አካል ግን ለመለወጥ የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 19 ዓመት ከሆኑት ልጃገረዶች መካከል 13 በመቶው ወይ ወልደዋል ወይ የመጀመሪያ ልጃቸውን ፀንሰዋል። ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች መካከል ግማሾቹ 17.1 ዓመት ሳይሞላቸው ተድረዋል። የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት ቢያደርገውም ነገሩ ይህን ይመስል ነበር። እነዚህን ልጃገረዶች ያባለጋቸው ዕውቀት ነበርን? ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2009 አውጥቶ በ2018 ያሻሻለው መመሪያም በልዩ ልዩ ሀገሮች የተደረጉ ጥናቶችን መርምሮ ይህን የመሰለ ትምህርት ልጆችን ወደ ወሲብ እንደማያቻኩል አረጋግጧል። ከዚህ ሁሉ በላይ ዛሬ በልጁ ኪስ ውስጥ ስልክ አለ። ወላጅ የሸሸውን ትምህርት ስልኩ ያለ ኀፍረትና ያለ ፍቅር ያስተምረዋል። ምርጫው በማወቅና ባለማወቅ መካከል መሆኑ ቀርቷል፤ አሁን የሚመረጠው አስተማሪው ማን ይሁን የሚለው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ በሃይማኖት ስም የሚቀርብ ነው። ይሁንና ዳዊት የደገመ ልጅ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በኢትዮጵያ የዳዊት መጽሐፍ ከመዝሙሩ ጋር መኃልየ መኃልይ ተጠርዞ ይገኛል። አባቶች ትርጓሜውን ወደ መንፈሳዊ ምሥጢር አቅንተው አስተማሩ እንጂ የሙሽሮቹን አካል የሚያወድሱትን ቃላት ከመጽሐፉ አልፋቁም። ኦሪትም የባልና የሚስትን መገናኘት በ«ማወቅ» ግሥ ይጠራዋል። በእስልምናም ጠሃራን የሚማር ልጅ ስለ ወር አበባና ስለ ጉስል ሳያነሣ ትምህርቱን አይጨርስም። ሃይማኖቶቹ ለአካል ሥርዓት አበጁለት እንጂ አካልን ከንግግር አላወጡትም። «ነውር ነው» ብሎ የሚያፍነው ሰው ጥቅሱን ከመጽሐፍ አያገኘውም፤ ከልማድ የተበደረውን በመጽሐፍ ስም ይከፍላል።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ይህ የባዕድ ሐሳብ ነው» የሚለው ነው። ለዚህ ተቃውሞ ግማሽ እውነት መስጠት ይገባል። በባዕድ አነጋገር ተጽፎ፣ በደረቁ ተተርጉሞ፣ በአበል በሚካሄድ ስብሰባ ታድሎ መደርደሪያ ላይ የሚቀር መጽሐፍ ልጅንም እናትንም አይጠቅምም። ስለ ኤች.አይ.ቪ. የተደረገው ዘመቻ ለዚህ ትምህርት ይሆናል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን እ.ኤ.አ. በ1986 ከታወቁ በኋላ፣ ይልቁንም በ1990 ዓ.ም. ብሔራዊው ፖሊሲ ከወጣ ወዲህ፣ ስለ ወሲብ በአደባባይ መናገር ተጀመረ። ዘመቻው ነፍስ አድኗል። ነገር ግን ወሲብ ወደ ሀገሪቱ ንግግር የገባው በሞት በር ነበር። ልጆች ስለ ፍቅር ከመስማታቸው በፊት ስለ ቀብር ሰሙ። ፍርሃት ደግሞ ጥያቄን አይወልድም፤ ጥያቄ በሌለበትም ወላጅና ልጅ አይገናኙም። መድኃኒቱ ግን ወደ ዝምታ መመለስ ሳይሆን ነገሩን በሀገር ቃልና በሀገር መንገድ መናገር ነው።

በሀገር መንገድ የተናገሩ

ሩቅ ሳይሄዱ ከካፋ በስተ ምሥራቅ ያለችውን ከምባታን መመልከት ይበቃል። የከምባታ ተወላጅ የሆኑት ወይዘሮ ቦጋለች ገብሬ እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህታቸው ጋር ሆነው ማኅበር አቋቁመው የሴት ልጅ ግርዛትን ሲታገሉ የመረጡት መሣሪያ ውይይት ነበር። ሽማግሌውና ወጣቱ፣ ያልተገረዘችው ልጅና የገረዘችው አሮጊት በአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ለወራት ተነጋገሩ። ሴቶች የደረሰባቸውን በባሎቻቸው ፊት የተናገሩበት ጊዜ ያ ነበር፤ ብዙ ባሎችም ሚስቶቻቸው ያለፉበትን ሥቃይ ያን ቀን ሰሙ። ከዚያ በኋላ ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ፣ በኩራት ተዳረች። ወይዘሮ ቦጋለች እ.ኤ.አ. በ2019 ዐረፉ። በ2008 ዓ.ም. በሀገር ደረጃ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 65 በመቶው የተገረዙ መሆናቸው ትግሉ ገና እንዳልተፈጸመ ያሳያል። ከምባታ ግን አንድ ነገር አስመስክራለች፤ «ሕዝቡ አይናገርም» ሲባል የነበረው፣ የጠየቀው ሰው ስላልነበረ ነው።

ራዲዮም ይህንኑ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በ257 ክፍሎች የተላለፈው «የቀን ቅኝት» የተሰኘው ተከታታይ ድራማ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤች.አይ.ቪ. ሲያወራ ስብከት አላበዛም፤ ሰው ፈጥሮ ሰውን አሳየ። አድማጩም የራሱን ቤት ጉዳይ የጎረቤት አድርጎ ተወያየበት። ጥበብ ለዝምታ ከሚሠራው ጥቃት የማያመልጠው ሸምጋይነት ይህ ነው፤ አባትና ልጅ ፊት ለፊት የማይባባሉትን በሦስተኛ ሰው አድርጎ በመካከላቸው ያስቀምጥላቸዋል።

የጥበብ ሰዎች ዕዳ

ታዲያ ጥበብ በዚህ ረገድ ምን ሠራች? በ1958 ዓ.ም. በታተመው በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ፊታውራሪ መሸሻ ስለ ሰብለ ወንጌል ጋብቻ ከአማላጅ ሁሉ ጋር ይነጋገራሉ፤ ከሰብለ ጋር ግን አይነጋገሩም። ሐዲስ ዓለማየሁ ቁስሉን በትክክል አሳይተዋል። መንግሥቱ ለማ «ጠልፎ በኪሴ»ን በኮሜዲ መልክ ሲያቀርቡ ተመልካቹ በጠላፊዎቹ ላይ ስቋል። በዚያን ጊዜ በሥራ ላይ በነበረው በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ክሱ ይቀርለት ነበርና፣ ሳቁ ከሕጉ ቀድሞ የሄደ ሳቅ ነበር። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ደግሞ በግልጽነቱ ምክንያት ሙሉ ቅጂው ሳይታተም ለዐሥርት ዓመታት ቆይቷል። በእርሱ ላይ የተደረገው ክርክር ሁሉ ግን በጎልማሶች መካከል የተደረገ ነው፤ ጎልማሳ ምን ይጻፍ፣ ጎልማሳ ምን ያንብብ የሚል ነው። የዐሥራ ሦስት ዓመቷን ልጅ በዚያ ሙግት ውስጥ ያስታወሳት አልነበረም።

የዘረሰናይ ብርሃኔ ፊልም «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 ሲወጣ ያን ባለ ሁለት ስለት ቃል ርእሱ አድርጎ ተነሣ። መነሻው በ1980ዎቹ ማብቂያ የተፈጸመ እውነተኛ ታሪክ ነው። የተጠለፈችና የተደፈረች የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ገድላ ለፍርድ ቀረበች፤ በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የተመራው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆሞላት ራስን መከላከል ነው ተብላ ነፃ ወጣች። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 587 ጋብቻ ጠላፊን ከቅጣት እንደማያድን ደነገገ። ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባልደረቦቿ ጋር ያዘጋጀችው «ጥበብ ገርልስ» የተሰኘው የሥዕል ፊልም ደግሞ ስለ ወር አበባና ስለ ያለ ዕድሜ ጋብቻ በቀጥታ ለልጆች ተናግሯል። መንገዱ እንግዲህ ተከፍቷል። የሄዱበት ግን ጥቂቶች ናቸው፤ በካፊኖኖ፣ በቤንችኛና በሸከኛ የሚያስበው ልጅም ገና የራሱን ተረት፣ የራሱን ቴአትርና የራሱን መዝሙር አላገኘም።

ደራሲው «ሳንሱር ነበረ» ብሎ የሚያመካኝበት ዘመን ነበር። ለልጅ ያልተጻፈውን የልጅ መጽሐፍ ግን ሳንሱር አልከለከለውም። የከለከለው ደራሲው በገዛ ቤቱ የያዘው ኀፍረት ነው። በመድረክ ላይ ነፃነትን የሚዘምር ከያኒ ማታ ቤቱ ገብቶ ሴት ልጁ ስትጠይቀው «ሂጂ እናትሽን ጠይቂ» የሚል ከሆነ፣ የዘመረው ነፃነት ከደጃፉ ውጭ ቀርቷል።

ምን ይባል? መቼ ይባል?

ነገሩ ሲታሰብ የሚከብደውን ያህል ሲሠሩት አይከብድም። ሦስትና አራት ዓመት ለሆነው ልጅ የሚያስፈልገው ስም ብቻ ነው። ዓይንና ጆሮ እንደሚባለው ሁሉ፣ በቤቱ ቋንቋ፣ ያለ ሳቅና ያለ ቁጣ ይነገረዋል። ስድስትና ሰባት ዓመት ሲሆነው ሁለት ነገር ይጨመርለታል። አንደኛው፣ ገላውን ያለ ፈቃዱ የሚነካውን ሰው፣ አጎትም ይሁን አስተማሪ፣ ጎረቤትም ይሁን የቤተ ዘመድ እንግዳ፣ «እምቢ» ማለት እንደሚችል ነው። ሁለተኛው፣ «ለእናትህ እንዳትናገር» የሚለው ሰው ያለው ነገር ለእናት መነገር የሚገባው የመጀመሪያው ነገር መሆኑ ነው። ይህን ለልጅ ለማስተማር ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ዘጠኝና ዐሥር ዓመት ሲሞላው፣ ማለትም ደሙ ሳይታይና ድምፁ ሳይጎረንን፣ የሚመጣው ይነገረዋል። ለልጅቷ «ደም ታያለሽ፤ በሽታ አይደለም፤ ጨርቁ እዚህ አለ፤ እንዲህ ይታጠባል፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣል» ይባላል። ለልጁ «ሌሊት እንዲህ ይሆናል፤ በሁሉም ወንድ ላይ ይደርሳል» ይባላል። ዐሥራ ሦስትና ዐሥራ አራት ዓመት ሲሆናቸው፣ ይኸውም ስንቅ ተሸክመው ወደ ቢታ ገነት ከመሄዳቸው በፊት፣ ስለ መውደድ፣ ስለ ምኞት፣ ስለ እርግዝናና ስለ በሽታ፣ የጤና ኬላው የት እንደሚገኝና እዚያ ምን ብሎ እንደሚጠየቅ ይነገራቸዋል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከሚሰጣቸው አገልግሎቶች አንዱ የወጣቶች ሥነ ተዋልዶ ጤና ነው። የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ብዙ ጊዜ የዚያው ቀበሌ ልጅ ናትና ቋንቋውን ታውቀዋለች። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶች የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርትና መረጃ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል።

በዚህ ሁሉ ወንዱ ልጅ እንዳይረሳ። እስከ ዛሬ ምክር ሁሉ የተከመረው በልጅቷ ላይ ነው፤ «ተጠንቀቂ፣ ተሸፈኚ፣ አትምሺ» ይባላል። ወንድሟን ግን «እምቢ ያለችህ ልጅ እምቢ ብላሃለች፤ ዝም ያለችህም እሺ አላለችህም» ያለው አባት ስንት ነው? ልጅቷን ብቻ ማስጠንቀቅ በጎቹን መክሮ ጅቡን ዝም እንደ ማለት ነው። የነገዋ ደፋሪ ወይም የነገዋ ጠባቂ የሚሆነው ልጅ ዛሬ በአባቱ ምድጃ ዳር ተቀምጧል።

ለሦስት ወገኖች

ካድሬው ሌላ የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ከመጥራቱ በፊት ለገዛ ልጁ ተናግሮ ይምጣ። በሪፖርት ላይ «ይህን ያህል ወላጆች ሠልጥነዋል» ብሎ የሚጽፈው እጅ በቤቱ አንድ ጥያቄ መልሶ ከሆነ ለሪፖርቱ ክብር ይሆናል። ተማሪዎች ያለ ወላጅ በሚያድሩባቸው የወረዳ ከተሞች ሁሉ የኪራይ ክፍሎቹን ደኅንነት መከታተል፣ በትምህርት ቤት ውኃና የልጃገረዶች መጸዳጃ እንዲኖር ማድረግ ደግሞ የእርሱ ተግባር ነው።

መምህሩ የባዮሎጂውን ምዕራፍ አይዝለለው። የእንግሊዝኛውን ቃል ከጻፈ በኋላ አጠገቡ የካፊኖኖውን ይጻፍ። ካላወቀው የቀበሌውን አሮጊቶችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ይጠይቅ፤ ቃላቱን ሰብስቦ ለተማሪው ይስጥ። ተማሪው ዓርብ ወደ ቤቱ ሲመለስ በእናቱ ቋንቋ የሚጠይቀው ነገር ይኑረው።

ከያኒው ለልጅ ይጻፍ። የሚያስደነግጥ ሳይሆን የሚያስረዳ፣ የሚያሳፍር ሳይሆን የሚያኮራ ተረት ይጻፍ። የመንደሩ የኪነት ቡድን በበዓል ቀን ከሚያሳየው ጭውውት አንዱ የአባትና የልጅ ይሁን፤ ልጁ ይጠይቅ፣ አባትየውም በመድረኩ ላይ፣ ሕዝቡ እያየ፣ ሳይሸሽ ይመልስ። የተመለከተው አባት ማታ ቤቱ ሲገባ ቢያንስ አንድ ጊዜ የተሰማ መልስ ይዞ ይገባል።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚል ተረት አለ። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚልም አለ። ሀገሪቱ ለዝምታም ለንግግርም ተረት አላጣችም፤ ወላጅ የትኛውን ለልጁ እንደሚመርጥ ነው ጉዳዩ። በመጪው እሑድም ተማሪዎቹ ስንቃቸውን አዝለው የቢታ ገነትን ጭቃ ይረግጣሉ። ቆጮው እስከ ዓርብ ያልቃል። ከመነሣቷ በፊት እናቷ በር ላይ ቆማ የነገረቻት ቃል ግን አያልቅባትም፤ ሌሊት በሯ በተንኳኳ ጊዜ በእጇ ላይ የሚገኘው ስንቅ እርሱ ነው።